ሙቀት ያልወጣበት ክፍል

«የሠራኸው ክፍል ወንድሜን ገደለው» አለ ሽኩር በስልክ። ሰላምታ አላስቀደመም፤ መልስም አልጠበቀም።

ጌዴዎን ቤሪያ ሰፈር ካለው ፎቅ ሰባተኛው ወለል ላይ፣ አንዱን የሥራ ጫማ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። የሽኩር ወንድም ጋሽ ሸረፈዲን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጌዴዎን ከድንበር ድንበር ተሻግሮ፣ እግሩ ቆስሎ ጆሃንስበርግ ሲደርስ፣ አልጋውን ለቆለት ሁለት ወር ሙሉ መሬት ላይ የተኛ ሰው ነው። የማን ልጅ ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ሳይለው።

ጌዴዎን ዱራሜ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ወንጀል መርምሯል። እዚህ ግን እንጀራው ኮርኒስ ነው፤ የከተማዋን ቀዝቃዛ አሮጌ ቤቶች እየዞረ ብርድ ይከላከልላቸዋል። በግንቦት የጋሽ ሸረፈዲን ሳል ሲጠና፣ ኬንሲንግተን ሰፈር ከሽኩር ቤት ጋር የተያያዘውን የድሮ ጋራዥ መኝታ ክፍል ያደረገው እሱ ነው። ስንጥቁን ሁሉ በገዛ እጁ ደፍኗል። ሚኒባስ ታክሲው ውስጥ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እስኪወርድ ድረስ ሲያያቸው ቆየ።

ሲደርስ አስከሬኑን የመንግሥት መኪና ወስዶታል። ሽኩር የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ በሩ ላይ ጠበቀው።

«ግባና የሥራህን ውጤት እይ» አለው።

ጌዴዎን ገብቶ ደነገጠ። ክፍሉ ይሞቃል። ውጭ ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሷል፤ እዚህ ግን መስኮቱ ገርበብ ብሎ እያለ እንኳ ግድግዳዎቹ ሙቀታቸውን አልለቀቁም። ከኮርኒሱ በላይ ጥጥ ሲደረድር፣ ከብረቱ በር ጀርባ ሰሌዳ ሲመታ፣ ከላስቲኩ ምንጣፍ በታች ፎም ሲያነጥፍ ጋሽ ሸረፈዲንን «የራስህ ትንፋሽ ይበቃሃል» ብሎት ነበር። አሁን ሰውየው የለም፤ ትንፋሹ ግን ገና ያልወጣ ይመስላል። ፍራሹ የጎኑን ቅርጽ እንደያዘ ጎድጉዷል። ጌዴዎን ከኋላው ያንን ደረቅ ሳል የሰማ መሰለውና ዞረ። ሽኩር ብቻ ነበር የቆመው።

ከአልጋው አጠገብ ነጭ አመድ የያዘ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል።

«ከሰል አስገብቶ ተኛ» አለ ሽኩር። «ፖሊሷ አንዴ አየችና ‹ክረምት በመጣ ቁጥር ይኸው ነው› አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቃላችንን ልትወስድ ትመለሳለች፤ ወረቀቱንም ጥላልን ሄዳለች። ምን እንደምጽፍ ልንገርህ? ‹አየር ይገባል ይወጣል ብሎ የማለልን ሰው፣ ክፍሉን እንደ ሳጥን ዘጋው።› አየር ቢኖር አንድ እፍኝ ከሰል ሰው ይገድላል?»

ጌዴዎን እንደገና ማንደጃውን አየ። ሽኩር ያለው እውነት ከሆነ፣ ያስጠጋውን ሰው በእጁ ገድሏል ማለት ነው። ሕግ ቢምረው እንኳ ይህን ተሸክሞ ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ አልታየውም።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጠኝ» አለ በመጨረሻ። «ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እኔው እነግራታለሁ።»

«ንገራታ» አለ ሽኩር።

ጌዴዎን ተንበረከከ። ሁለት ቀዳዳ ነው ያወጣው። አንደኛው መኪና በሚገባበት በኩል፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው በተቃራኒው ግድግዳ ኮርኒሱ ሥር፣ የተነፈሱትን አየር የሚያስወጣው። መስኮቱን ዘጋና ከኪሱ ቀጭን ወረቀት አውጥቶ ታችኛው ላይ ያዘው፤ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተነፋ። ወንበር ላይ ወጥቶ ላይኛው ላይ ያዘው፤ ወረቀቱ ወደ ፍርግርጉ ተሳበ። ሁለቱም ይሠራሉ።

ከዚያ ማንደጃውን አንስቶ ከሥሩ የነበረውን ምንጣፍ በመዳፉ ዳሰሰ። ጫን አደረገው። ብርድ ልብሱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደግሞ አሸተተ።

«መጀመሪያ ያገኘው ማነው?»

«ባህሪያ» ብሎ የሚስቱን ስም ጠራ። «ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥኩ። በቃ፣ ትንፋሽ አልነበረውም...» ሽኩር ፊቱን አዞረ። «ከዚያ ፖሊስ ጠራሁ። የሬሳ መኪናው እንዲገባ ባኪውን አወጣሁ።»

ባኪ የሚሉት ለሱቆቻቸው ዕቃ የሚያመላልሱበትን አሮጌ ፒክአፕ ነው።

«በዚህ ብርድ እሺ ብሎ ተነሳልህ?»

«አንዴ ነካ ባደርገው ተነሳ። የመስታወቱን ውርጭ እንኳ አልፋቅሁም። የጎረቤቱ ሁሉ መኪና ኖራ የተቀባ ይመስል ነበር፤ ለእኔ አላህ አገራልኝ። አሁን ይሄ ምን ይሠራልሃል?»

«እንጃ» አለ ጌዴዎን፤ ግን በሩን ከፍቶ ወጣ።

እዚህ አገር ክረምት ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትዞር፣ በደቡብ ያለው የመኪና መግቢያ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ውርጩ እንዳለ ነበር። በነጩ መካከል መኪና ያደረበት ቦታ ብቻ እንደ ምንጣፍ ተለይቶ ደርቋል፤ አንዱ ጫፉ ከጋራዡ ግድግዳ ክንድ አይርቅም። ጌዴዎን በደረቁ ቦታ ዳር ዳር ሄደ። የሞተር ዘይት ሦስት ቦታ ጠብ ብሏል። ጠብታዎቹን ካየ በኋላ ወደ ግድግዳው ተመልሶ አጎነበሰ። ታችኛው ቀዳዳ ሥር ግራጫ በረዶ እንደ ሰም ወርዶ ደርቋል፤ በግንቦት ነጭ የቀባው ፍርግርግ ጠቁሯል።

ቀና ሲል ከግቢው በር አጠገብ ሙደሲርን ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ አየው። ሙደሲር አይቮሪ ፓርክ ያለውን የሽኩርን ሱቅ የሚይዝ ወጣት ነው።

«ማታ ባኪውን ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ። ለሱቁ ብርድ ልብስ ልጭን ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ፣ ቁልፉን ኩሽና ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ፣ ተኛሁ። ጩኸቱ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«እንዴት አቆምከው?»

«እንዴት ማለት? እንደ ሰው ነዋ! አፍንጫውን ወደ ግቢው በር። ሌባ ከመጣ አንዴ ነካ አድርጎ መውጣት ነው፤ እዚህ አገር በአፍንጫው ያስገባ ሰው ዞሮ ሳይወጣ ያልቅለታል።» ሙደሲር በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። «ጋሽ ሸረፋ ነው ያስተማረኝ። አንድ ቀን ደክሞኝ በፊት ለፊት ብገባ ‹አንተ፣ መኪና ነው ወይስ ሬሳ የምታስገባው?› ብሎ እንደገና አስወጥቶ አስገባኝ። ሦስት ጊዜ! ሴቶቹ በመስኮት እያዩኝ።» ሊስቅ ጀመረና አቃተው።

«በግንቦት ክፍሉን ስሠራ የት ነበርክ?»

«ሱቅ ነዋ። ከረመዳን ወዲህ እዚህ ያደርኩት ትናንት ብቻ ነው።»

«ስለ አቋቋሙ ምንም የነገረህ ሰው የለም?»

«ስለ ምን አቋቋም?»

ጌዴዎን ትከሻውን ያዝ አድርጎት አለፈ።

ኩሽና ውስጥ የሽኩር ልጅ ሰሚያ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ያልቀመሰችው ሻይ ፊቷ ቀርቧል። እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

«ሶሪ ጋሼ ጌዲ፣ ፊቴን አይዩት» አለች። «እንደ ፖሊስም አያፍጥጡብኝ፤ እፈራለሁ።»

«አላፈጥም። ጋሽ ሸረፋን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ማታ። ዛሬ ጠዋት ኦንላይን ቴስት ነበረኝ፤ ትልቁ አባ ዱዓ አደረገልኝ። ከዚያ ‹ወድቀሽ እንዳታሳፍሪኝ› አለኝ፣ ዩ ኖው፣ እንደ ልማዱ። አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ሰብሚት አደረግሁ። ሄጄ ልነግረው ነበር።»

«ሎድሼዲንጉ፣ የመብራት ፈረቃው፣ እስከ ስንት ሰዓት ነበር?»

«እስከ አንድ ሰዓት። ቤቱ ፍሪጅ ሆኖ ነበር።»

«የዚያ ላፕቶፕሽ ባትሪ ተሻለው?»

«የምን መሻል! ሶኬት ከሌለ አምስት ደቂቃ እንኳ...» አለችና አቆመች። ጣቶቿ ብርጭቆው ላይ ደረቁ።

«ጌዴዎን» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። እናቷ ባህሪያ በሩ ላይ ቆማለች። «ልጄን ተዋት። መርማሪነትህ አገርህ ቀርቷል።»

«እሺ፣ አንቺን ልጠይቅ። ከሰሉን ማን አስገባው?»

«ራሱ። ብርዱ አንቀጠቀጠውና።»

«ስትከለክይው ሰምቶ እምቢ አለ?»

«በር ዘግቶ ነው ያስገባው፤ እንዴት ልከልክለው? ማንደጃው ቅዳሜ ሥጋ ከጠበስንበት ጀምሮ ጓሮ ነበር።»

«ሳሉስ? እኔ ሲጋራ አጭሼ ከመጣሁ ልብሴን አሽትቶ በር ላይ ያስቀረኝ ነበር። ጭስ እንዲህ የሚፈራ ሰው ከሰል አጠገቡ አድርጎ ተኛ?»

«የበረደው ሰው ምን ያስባል?» አለች ባህሪያ። ይህን ስትል እሱን አላየችውም፤ ሰሚያን ነበር የምታየው።

ጌዴዎን ጓሮ ወጥቶ ብቻውን ቆመ። ራሱን ነጻ የሚያወጣውን ሁሉ ይዟል፤ በማን ላይ እንደሚወድቅም ገብቶታል። ዝም ቢል ሬሳው ይለቀቃል፣ ከአሥር ሰላት በኋላ ይቀበራል፣ ልጅቷም ትምህርቷን ትጨርሳለች። ወረቀቱ ላይ ግን ጋሽ ሸረፈዲን በገዛ ሞኝነቱ የሞተ ሰው ሆኖ ይቀራል። ወደ ጋራዡ ግድግዳ አየ። የጓሮው ግድግዳ እዚህ ነው፤ መኪና የማይደርስበት። በግንቦት ታችኛውን ቀዳዳ እዚህ ሊያወጣ መሮ አንስቶ ነበር። መሠረቱ ድንጋይ ሆነበት፤ ክንዱ ዛለ፤ ወደ ማዶ ዞሮ ለስላሳውን ሸክላ በአንድ ሰዓት በሳው። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለውም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ሽኩር ፖሊሷ የተወችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ብዕር ይዟል። ባህሪያና ሰሚያ ሶፋው ላይ፣ ሙደሲር መሬት ላይ ተቀመጡ። ጋራዡን ከሳሎኑ የሚለየው በር ከሽኩር ጀርባ ነበር።

«ከማንደጃው ልጀምር» አለ ጌዴዎን። «የክፍሉ ወለል ላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ፎም አለ። ትኩስ ብረት ከተቀመጠበት ላስቲኩ ይኮማተራል፣ ፎሙ ቀልጦ ይጎደጉዳል። ማንደጃው የነበረበትን ቦታ ዳሰስኩት፤ እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ስለዚህ ማንደጃው ክፍሉ ውስጥ አልነደደም። ሲገባም ቀዝቃዛ ነበር።»

«ታዲያ ወንድሜ በምን ሞተ?» አለ ሽኩር።

«ብርድ ልብሱን አሽትት። የከሰል ሽታ የለውም። መሐል ከተማ ታክሲ ተራ ስትቆም የሚሸትህ ነው የሚሸተው። የመኪና ጭስ።»

ሙደሲር ቀና አለ።

«መግቢያው ላይ መኪናው ያደረበት ቦታ ውርጭ የለውም። ዘይቱ ጠብ ጠብ ያለው በግቢው በር በኩል ነው። ዘይት የሚያንጠባጥበው ሞተር ነው፣ ሞተር ያለው ከፊት ነው። ስለዚህ የባኪው ጅራት ወደ ጋራዡ ግድግዳ ነበር፤ የጭስ ማውጫው ከታችኛው ቀዳዳ ፊት ለፊት። ቀዳዳው ጠቁሯል፤ ከጭሱ ጋር የወጣው እንፋሎትም ከሥሩ በረዶ ሆኗል።»

«ግን አስጠንቅቀኸን ነበር» አለ ሽኩር ቀስ ብሎ። «‹ከእንግዲህ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው› ብለኸን ነበር።»

«እናንተን። ሙደሲርን ማን ነገረው?»

ሙደሲር ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«አንተ የሠራኸው ጋሽ ሸረፋ ያስተማረህን ነው» አለው ጌዴዎን። «የቆመ መኪና ደግሞ አይገድልም። ሞተሩ መነሳት አለበት፤ ለረጅም ጊዜ። ሽኩር፣ ጠዋት መስታወቱን አልፋቅሁም ብለኸኛል። የጎረቤቱ መኪና ሁሉ ነጭ ሆኖ የአንተ ንጹህ የሆነው፣ አንድ ሰው ማሞቂያውን ከፍቶ ውስጡ ስለተቀመጠ ነው። መብራት የለም፣ ቤቱ በረዶ ነው፣ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። ሙቀትና ሶኬት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር።»

«በቃ!» አለች ባህሪያ ተነስታ። «በቃ፣ እኔ ነኝ! ልሞቅ ብዬ እኔ ነኝ ያስነሳሁት!»

«ማንደጃውን ያስገባሽው አንቺ ነሽ» አለ ጌዴዎን፤ ድምፁ አልጠነከረም። «ንጋት ላይ ልታዪው ገባሽ፤ ሞቶ አገኘሽው፤ ክፍሉ ምን እንደሚሸት አወቅሽ። ልጅሽ ከየት እንደገባችም አይተሻል። መስኮቱን ከፈትሽ፣ ጓሮ ሄደሽ የቅዳሜውን አመድ አመጣሽ፣ ከዚያ ጮኽሽ። እዚህ ቤት ውስጥ ታውቆ የተሠራ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።»

ሽኩር ሚስቱን፣ ከዚያ ልጁን አየ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«አልጨረስኩም» አለ ጌዴዎን። «ጭሱ ወደዚህ ቤት ያልገባው ይህን በር በጎማ ስላሸግሁት ነው። ሌሎቻችሁ በዚያ ተርፋችኋል። እሱ ግን በዚያው ሥራዬ ሞተ። ላይኛው ቀዳዳ አየር ሲያስወጣ ታችኛው ይስባል፤ እንዲስብ ነው የሠራሁት። ከመኪናው ጅራት ጭሱን ስቦ ያስገባለት የእኔ ቀዳዳ ነው። ጓሮ በኩል ላወጣው እችል ነበር፤ ድንጋዩ አሰለቸኝ። ቀላሉን ግድግዳ በሳሁና ለእናንተ ቃል ብቻ ነገርኳችሁ። ቃል ደግሞ የሰማውን ብቻ ነው የሚይዘው። ሽኩር፣ ጠዋት በስልክ ያልከኝ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም።»

ከተዘጋው በር ማዶ የኮርኒሱ እንጨት በብርዱ ቋ አለ፤ ሁሉም ወደዚያ ዞሩ።

«ያንን ቃል እኔ ሰምቼ ነበር» አለች ሰሚያ።

እናቷ ክንዷን ያዘቻት። ሰሚያ አላስለቀቀችም፤ ግን መናገሯን አላቆመችም።

«ባኪው ውስጥ ስቀመጥ የግቢው በር ፊት ለፊቴ ነበር። መኪናው ወደየት እንደዞረ እያየሁ ነበር፤ አላሰብኩትም፤ ቴስቱን ብቻ ነበር የማስበው። ስጨርስ ደስ አለኝና ዘፈን ከፈትኩ። ከዚያ ግድግዳው ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። ትልቁ አባ ነው አልኩ። ዘፈኑ ረበሸው አልኩ።» ጌዴዎንን ቀና ብላ አየችው። «ድምፁን ቀነስኩለት። ሞተሩን አላጠፋሁም፣ ጋሼ። ድምፁን ነው የቀነስኩለት።»

ሙደሲር ማልቀስ ጀመረ። ሽኩር ከወንበሩ ተነስቶ ልጁ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቷን አቅፎ ግንባሩን አስደገፈበት።

ጌዴዎን ከጠረጴዛው ብዕሩን አነሳ። በመጀመሪያው ወረቀት አናት ላይ «ቀዳዳውን መኪና በሚቆምበት በኩል ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈና ስሙን ከሥሩ አኖረ። ወረቀቱን ወደ መሐል ገፋው።

ሰሚያ እጇን ዘረጋች። ባህሪያ ቀደመቻት።

«እኔ ልቅደም» አለች። «መጀመሪያ ውሸቴን ላንሳለት።»

ብዕሩን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ ልጇ ተራዋን እየጠበቀች አጠገቧ ቆማለች። የግቢው ደወል ሲደወል ማንም ለመክፈት አልቸኮለም።